ሥራው ተከፍሏል፤ ገንዘቡም ተከፍሏል፤ ዳኛውስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጌታዬ ሆይ፤ ስለ ሕገ መንግሥታችን በየመሥሪያ ቤቱ፥ በየሻይ ቤቱና በሠራተኛ ሰርቪስ ውስጥ ሳይቀር ብዙ ሲባል እንሰማለን። አንዱ ይሻሻል ይላል፤ ሁለተኛው አይነካ ይላል፤ ሦስተኛው ከነጭራሹ ይለወጥ ይላል። ሦስቱም ወገኖች ለአገር በማሰብ የሚናገሩ መሆናቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን ክርክሩን ልብ ብሎ ያደመጠ ሰው፥ የሚከራከሩበትን ሰነድ ከዳር እስከ ዳር ያነበቡት ጥቂቶች መሆናቸውን ይረዳዋል። ስለዚህ ስለ ፌዴራል ሕገ መንግሥት መሠረትና አሠራር፥ ይልቁንም ዋናው ጉድለት በዚያ ነው ብዬ ስለማምንበት ስለ ዳኛው ጉዳይ ያለኝን አሳብ ለአንባብያን እንዲያቀርቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር ነኝ። ተማሪዎቼን በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ምን እንዳለ ስጠይቃቸው አስቀድመው የሚጠሩልኝ አንቀጽ 39ን ነው። ሰነዱ ግን በ11 ምዕራፎች የተከፈሉ 106 አንቀጾች አሉት። ከ106 አንቀጾች አንዱን ብቻ ይዞ ስለ ሁሉም መፍረድ፥ ከዕድር መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ስለ መቀጫ የሚናገረውን መስመር ብቻ አንብቦ ዕድሩን እንደ ማወደስ ወይም እንደ ማፍረስ ያለ ነው። ማንም አስተዋይ ሰው ዕድር ሲገባ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ሥራው የማን የማን ነው? መዋጮው ስንት ነው፤ ገንዘቡስ በማን እጅ ይቀመጣል? አባላት የተጣሉ እንደ ሆነ ማን ይዳኛል? አገርም ትልቅ ዕድር ናትና፥ ስለ ፌዴራል ሕገ መንግሥት የሚጠየቀው ጥያቄ ከነዚህ ከሦስቱ አይወጣም።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «ፌዴራል» የሚለው ስም የመጣው «ፌዱስ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ቃል ኪዳን ማለት ነው። በፌዴራል አገር ሕዝቡ በሁለት መንግሥት ይተዳደራል። አንደኛው ለሁሉ የጋራ የሆነውን ሥራ ይሠራል፤ ሌላው የየአካባቢውን ሥራ ይሠራል። ሁለቱም ሥልጣናቸውን የሚያገኙት ከአንድ ሕግ ነው እንጂ አንዱ ለሌላው በችሮታ የሚሰጠው አይደለም። ፌዴራል አስተዳደር ከተራ የሥራ ውክልና የሚለየው በዚህ ነው። አንድ ሥራ አስኪያጅ ለምክትሉ በውክልና የሰጠውን ሥልጣን በደስታው ቀን ይሰጣል፤ በቍጣው ቀን ይነሣል። በፌዴራል አገር ግን ፌዴራሉ መንግሥት የክልሉን፥ ክልሉም የፌዴራሉን ሥልጣን ሊነካ አይችልም። በእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 8 የተጻፈው ይኸው ነው።

አገራችን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ካገኘች ቈይታለች። የመጀመሪያው በ1923 ዓ.ም. በ55 አንቀጾች ወጣ፤ በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ እንደ ገና ወጣ፤ በደርግ ዘመንም የ1980 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መጣ። ሦስቱም ሥልጣንን በማዕከል የሚሰበስቡ ነበሩ። አሁን ያለው ግን ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፥ መንግሥቱን ፌዴራል ብሎ አቋቁሟል። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው ቅጂ የአማርኛው ነው። እንግዲህ አማርኛ ለምናነብ ሠራተኞች፥ ሰነዱ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ አልገባንም የምንልበት ምክንያት የለም።

መሠረቶቹ በምዕራፍ ሁለት ከአንቀጽ 8 እስከ 12 ተዘርዝረዋል፤ አምስት ናቸው። አንደኛ፥ የሥልጣን ባለቤቶች የኢትዮጵያ ብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው። ሁለተኛ፥ ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ ነው፤ ከእሱ ጋር የሚቃረን ሕግ፥ ልማድ ወይም የባለ ሥልጣን ውሳኔ አይጸናም። ሦስተኛ፥ የሰው ልጅ መብት የማይጣስና የማይገፈፍ ነው። አራተኛ፥ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው። አምስተኛ፥ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት፤ ኀላፊነቱን ያጓደለ ሹምም ተጠያቂ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው አሮጌ ተረት ከዚህ ከአምስተኛው መሠረት ጋር በአንድ ቢሮ ውስጥ ሊኖር እንደማይችል ሁላችንም የምናውቀው ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ ሥራው የማን ነው? ሙሴ ሕዝቡን ሁሉ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አይቶ፥ ይህ አሠራር አንተንም ሕዝቡንም ያደክማል ብሎ የሺህና የመቶ አለቆች እንዲሾም መከረው። ሥራን የማካፈል ጥበብ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 51 መከላከያን፥ የውጭ ግንኙነትን፥ ገንዘብ ማተምንና ብሔራዊ ባንክን፥ የውጭና የክልል ለክልል ንግድን፥ የአየርና የባቡር መጓጓዣን፥ ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን፥ ፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽንን ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣል። አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ብቻውን ወይም ለሁለቱ በጋራ ተለይቶ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክልል ነው ይላል። የክልል ሕገ መንግሥት ማውጣት፥ መሬት ማስተዳደር፥ የክልሉን ፖሊስ ማደራጀት፥ የክልሉን መንግሥት ሠራተኞች ማስተዳደር ከዚሁ የሚቈጠሩ ናቸው።

ይህ ክፍፍል በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ እንዳይመስለን በሥራችን እንመርምረው። የመሬት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው፤ በዚያው ሕግ መሠረት መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። የትምህርትን አገር አቀፍ መስፈርት የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው፤ በየክልሉ ያለውን መምህር የሚቀጥረው ግን ክልሉ ነው፤ ሲቀጥርም ከአገር አቀፉ መስፈርት የተቀራረበ መሆኑን የማረጋገጥ ግዴታ አለበት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው ፌዴራሉ በሚያስተዳድራቸው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፥ ልዩ ልዩ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ስለዚህ ባለጉዳይ «ይህ የእኛ አይደለም» ተብሎ ከፌዴራል ወደ ክልል፥ ከክልል ወደ ፌዴራል ሲንከራተት፥ ስሕተቱ ብዙ ጊዜ ከሕገ መንግሥቱ ሳይሆን ሕገ መንግሥቱን ካላነበበው ሠራተኛ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የገንዘብ ነው። አንቀጽ 94 እያንዳንዱ መንግሥት በሕግ የተሰጠውን ሥራ ወጪ ራሱ ይሸከም ይላል። ፌዴራሉ ሥራውን ለክልል በውክልና ቢሰጥ ወጪውን መክፈል ያለበት ወካዩ ነው። ገቢውም ተለይቷል፤ የገቢና የወጪ ዕቃ ቀረጥ በአንቀጽ 96 የፌዴራሉ ነው፤ የገበሬ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ በአንቀጽ 97 የክልል ነው፤ ከድርጅቶች ትርፍ እንዲሁም ከከፍተኛ የማዕድን፥ የነዳጅና የጋዝ ሥራ የሚገኘው በአንቀጽ 98 የጋራ ነው። እኛ ደመወዝተኞችም በዚሁ ክፍፍል ውስጥ አለንበት። በፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሚሠራው ሰው ደመወዝ የሚቈረጠው ግብር የፌዴራል ሲሆን፥ በክልል መሥሪያ ቤት ከሚሠራው የሚቈረጠው የክልሉ ነው። ሁለት ባልንጀሮች በአንድ ከተማ፥ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ በሚገኙ መሥሪያ ቤቶች እየሠሩ፥ ግብራቸው ወደ ሁለት ግምጃ ቤት ይገባል። የጋራው ገቢ በምን መልክ እንደሚከፋፈልና ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በምን ቀመር እንደሚደለደል የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች ላይ ጉድለት ቢገኝም፥ የጠራ መልስ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ። ወደ ሦስተኛው ስንደርስ ግን ነገሩ ይከብዳል። ፌዴራሉና ክልሉ፥ ወይም ሁለት ክልሎች፥ ወይም ዜጋውና መንግሥቱ በሕገ መንግሥቱ ትርጉም ሲለያዩ ማን ይዳኛል?

ሕገ መንግሥቱ ይህን ለፍርድ ቤት አልሰጠውም። በአንቀጽ 62 እና 83 መሠረት የመጨረሻው ተርጓሚ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በዚህ ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔር፥ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ወኪል አለው፤ ከዚያም በላይ በአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ወኪል ይጨመርለታል። ወኪሎቹን የሚመርጧቸው የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፤ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ያደርጋሉ። ነገሩን አስቀድሞ መርምሮ የሚያቀርብለት 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። የዚህ ጉባኤ ሰብሳቢ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፥ ምክትላቸው፥ ስድስት የሕግ ባለሞያዎችና ከፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት መካከል የሚወከሉ ሦስት ሰዎች አሉበት። ጉባኤው ይመረምራል፤ አሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው ግን ምክር ቤቱ ነው።

ምክር ቤቱ የሠራው በጎ ሥራ የለም ማለቴ አይደለም። የስልጤ ሕዝብ የማንነት ጥያቄ በ1993 ዓ.ም. በሕዝብ ድምፅ መልስ ያገኘው ምክር ቤቱ ባመለከተው መንገድ ነው። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ አንዲት ሴት ያለ ፈቃዴ በሃይማኖት ፍርድ ቤት ልዳኝ አይገባም ብላ አቤት ስትል፥ ምክር ቤቱ ያለ ተከራካሪው ፈቃድ የተሰጠው ፍርድ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሽሮላታል። አንዲት ተራ ዜጋ እስከዚያ ድረስ ሄዳ ፍትሕ ማግኘቷ የሚያስመሰግን ነው።

ይሁን እንጂ ዳኛ የሚፈተነው በቀላል ነገር አይደለም፤ ሁለት ብርቱዎች ፊት ለፊት ሲቆሙ ነው። ለዚህም ከራሳችን ታሪክ ሁለት ምስክር አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ምስክር የኤርትራ ፌዴሬሽን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኅዳር 1943 ዓ.ም. ቍጥሩ 390 በሆነ ውሳኔ፥ ኤርትራ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን እንድትኖር ወሰነ፤ ፌዴሬሽኑም በመስከረም 1945 ዓ.ም. ተጀመረ። የሥራው ክፍፍል ግልጽ ነበር። መከላከያ፥ የውጭ ጉዳይ፥ ገንዘብ፥ የውጭና የመካከል ንግድ፥ ወደቦችን ጨምሮ መገናኛ የፌዴራሉ ነበሩ፤ የቀረው የኤርትራ ነበር። ኤርትራም የራሷ ምክር ቤትና ሕገ መንግሥት ነበራት። የሁለቱ ወገን እኩል ቍጥር ያላቸው ወኪሎች ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰበሰቡበት የፌዴራል ጉባኤም ታስቦ ነበር። ነገር ግን ያ ጉባኤ አማካሪ እንጂ ዳኛ አልነበረም። አንዱ ወገን ሥልጣኔ ተነካ ባለ ጊዜ ሁለቱም የሚያምኑት፥ ቃሉም የሚጸና አስታራቂ አልተገኘም። ፌዴሬሽኑ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ከዚያ በፊት በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ የተተኰሰው ጥይትም እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ አልበረደም። ሌላም ብዙ ምክንያት እንደ ነበረ አውቃለሁ፤ የዳኛ መታጣት ግን አንዱና ዋናው ነው።

ሁለተኛው ምስክር ቅርብ ነው፤ ቍስሉም ገና አልጠገገም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ነሐሴ 23 ቀን ሊደረግ የታሰበው ምርጫ ሊደረግ አልቻለም። የምክር ቤቶች ዘመን ሲያልቅ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ለአጣሪ ጉባኤው ቀረበ፤ የሕግ ሊቃውንትም በቴሌቪዥን ፊት ቀርበው አሳባቸውን ሰጡ፤ ይህ መልካም ልማድ ነበር። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን የሥልጣን ዘመኑ እንዲራዘም ወሰነ። የትግራይ ክልል ግን ውሳኔውን አልቀበልም አለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን የራሱን ምርጫ አካሄደ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ያ ምርጫ ዋጋ የለውም ብሎ ወሰነ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተጀመረ፤ እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ሁለት ዓመት ደም ፈሰሰ። በዚህች ደብዳቤ ለማንም ልፈርድ ወይም በማንም ልፈርድ አልተነሣሁም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች አንዱን ሕገ መንግሥት እየጠቀሱ ሲካሰሱ፥ ሁለቱም ዳኛዬ ነው የሚሉት አካል አልነበረም።

ለምን አልነበረም? አስቀድሞ የዳኛው አካል የተሠራው ከወኪሎች ነው። ወኪል የላከውን ወገን ጥቅም ለመጠበቅ ይመጣል፤ ይህም ተገቢ ሥራው ነው፤ ነገር ግን ጠበቃና ዳኛ በአንድ ወንበር ሊቀመጡ አይችሉም። ደግሞም ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ፌዴራሉንም ክልሎቹንም የመራው አንድ ግንባርና አጋሮቹ ስለ ነበሩ፥ በፌዴራልና በክልል መካከል የሚነሣው ጠብ ሁሉ በፓርቲ ቢሮ ውስጥ ያልቅ ነበር እንጂ ወደ ዳኛው አይደርስም ነበር። ዳኛው ሳይዳኝ ኖረ፤ ልምድም፥ መፈራትም፥ መታመንም ሳያገኝ ቀረ። በ2012 ዓ.ም. ያ ግንባር ሲከስምና ወገኖቹ ሲለያዩ፥ ከባዱ ሸክም ባልለመደ ትከሻ ላይ ወደቀ።

አባቶቻችን ይህን ምሥጢር ያውቁ ነበር። በዱሮ ጊዜ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ» ካለ ሌላው ይቆም ነበር፤ በዚያ የሚያልፈውን መንገደኛ ዳኛ አድርገው፥ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይሟገቱ ነበር። መንገደኛው ወታደር የለው፥ ማኅተም የለው፤ ነገር ግን የሁለቱም ዘመድ አይደለምና ቃሉን ይሰሙት ነበር። የዳኛ ኀይሉ ጠመንጃው ሳይሆን ከሁለቱም ወገን አለመሆኑ ነው።

ሌሎች ፌዴራል አገሮች ይህን ጥያቄ በልዩ ልዩ መንገድ መልሰውታል። ጀርመን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1949 ባወጣችው መሠረታዊ ሕግ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አቋቁማ፥ ፍርድ ቤቱ በ1951 ከዋና ከተማዋ ርቆ በካርልስሩኸ ከተማ ሥራ ጀመረ። ዳኞቹ 16 ናቸው፤ ግማሾቹን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፥ ግማሾቹን የክልሎች ምክር ቤት ይመርጣል፤ 12 ዓመት ያገለግላሉ፤ ሁለተኛ አይመረጡም። ሁለተኛ የማይመረጥ ዳኛ ደግሞ የሚያስደስተው አለቃ የለውም። በስዊዘርላንድ ግን ፍርድ ቤት የፌዴራሉን ሕግ ሊሽር አይችልም፤ በዚያ አገር ዳኛው ሕዝቡ ራሱ ነው፤ 50 ሺህ ዜጎች በ100 ቀን ውስጥ ከፈረሙ አዲስ የወጣ ሕግ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል። በአሜሪካ በ1787 የተጻፈው ሕገ መንግሥት ነገሩን በግልጽ ሳይናገር ቢያልፈውም፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1803 ሥልጣኑ የእኔ ነው ብሎ ወስኖ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ዳኛ መኖሩ ብቻ ጦርነትን ያስቀራል እንዳልልም፥ ይኸው የአሜሪካ ፍርድ ቤት እያለ አገሪቱ በ1861 እርስ በርሷ ተዋግታለች። ዳኛ ያለው አገር ሊጣላ ይችላል፤ የታመነ ዳኛ የሌለው አገር ግን ከተጣላ በኋላ የሚመለስበት በር የለውም።

አሁን ያለውን አሠራር የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ንቀት የሚገባው አይደለም። ሕገ መንግሥቱ የብሔሮች፥ የብሔረሰቦችና የሕዝቦች ቃል ኪዳን ስለ ሆነ፥ ቃል ኪዳኑን የገቡት ራሳቸው ይተርጕሙት፤ ያልተመረጡ ጥቂት ዳኞች የሕዝብን ዕጣ ሊወስኑ አይገባም ይላሉ። መልሴ ይህ ነው። ሁለት ሰዎች ውል ሲዋዋሉ የውሉ ባለቤቶች እነሱ ናቸው፤ በውሉ ሲጣሉ ግን ተዋዋዮቹ ራሳቸው ዳኛ አይሆኑም፤ ሁለቱም የመረጡት ሽማግሌ ይገባል። ባለቤትነት አንድ ነገር ነው፤ ዳኝነት ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ነገሩን ለሁለት መክፈል ይቻላል እላለሁ። የማንነት ጥያቄ፥ የወሰን ጉዳይና የገቢ ክፍፍል የፖለቲካ ፈቃድና ስምምነት የሚሹ ናቸውና በፌዴሬሽን ምክር ቤት ይቈዩ። ይህ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጣጣማል ወይስ ይቃረናል? ይህ ሥልጣን የፌዴራል ነው ወይስ የክልል? የዚህ ዜጋ መብት ተነክቷል ወይስ አልተነካም? የሚሉት ጥያቄዎች ግን የሕግ ጥያቄዎች ናቸውና፥ ግማሾቹ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፥ ግማሾቹ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ለተመረጡ፥ የአገልግሎት ዘመናቸው ለተወሰነና ከፓርቲ ውጪ ለሆኑ ዳኞች ይሰጡ። በዚህ መንገድ ሕዝቦች ዳኛውን ይመርጣሉ፤ ዳኛው ግን የማንም መልእክተኛ አይሆንም።

ይህ እንዲሆን ሕገ መንግሥቱ በራሱ ደንብ መሻሻል አለበት፤ ደንቡም በአንቀጽ 104 እና 105 ተጽፏል። የመብቶች ምዕራፍና እነዚህ ሁለት አንቀጾች እንዲሻሻሉ የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ መስማማት አለባቸው። የዳኝነቱ አንቀጾች ግን ከዚህ ውጪ ስለ ሆኑ፥ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቋቸውና ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ሲቀበሏቸው ይሻሻላሉ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ዝግ ግን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ሥራ ሲጀምር ብዙ ሰው ተስፋ የጣለበት፥ እንዲህ ያለው ጥያቄ በሰላም የሚነሣበት መድረክ ይገኛል በማለት ነው። በዚህም ሆነ በሌላ መድረክ ስለ ሕገ መንግሥት ስንመክር፥ ከአንቀጽ 39 በፊት ከዳኛው ብንጀምር የተሻለ ነው እላለሁ። የታመነ ዳኛ ካለ በቀሩት አንቀጾች ላይ ሳንገዳደል ልንከራከር እንችላለን፤ ከሌለ ግን የቱንም ያህል ያማረ አንቀጽ ብንጽፍ የሚያስከብረው የበረታው ብቻ ይሆናል።

ይህ የሹማምንትና የሊቃውንት ጉዳይ ነው፤ እኛ ተራ ሠራተኞች ምን አገባን የሚል ይኖር ይሆናል። አንቀጽ 9 ማንኛውም ዜጋና የመንግሥት አካል ሕገ መንግሥቱን የማስከበር ግዴታ አለበት ይላል። አንቀጽ 13 ደግሞ በየደረጃው ያለ የፌዴራልም ሆነ የክልል አካል በምዕራፍ ሦስት ያሉትን መብቶች ማክበርና ማስከበር ግዴታው መሆኑን ይናገራል። «በየደረጃው» ማለት ሚኒስትሩን ብቻ ሳይሆን በመስኮት በኩል ፋይል የሚቀበለውንም ይጨምራል። በጠረጴዛችን ላይ አንድ ሰርኩላር ሲደርስ፥ ይህ የማን ሥልጣን ነው ብሎ አንቀጹን ገልጦ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል የሚል ባለጉዳይ ሲመጣም፥ በአንቀጽ 84 መሠረት ፍርድ ቤት ወይም የሚመለከተው ሰው ለአጣሪ ጉባኤው ሊያቀርበው እንደሚችል መንገር እንጂ «ከላይ የመጣ ነው» ብሎ መመለስ አይገባም። ዳኛ የሚለምደው ክርክር ሲመጣለት ነው፤ ክርክሩ የሚመጣውም ዜጋውና ሠራተኛው መንገዱን ሲያውቁ ነው።

ስለዚህ ለየመሥሪያ ቤቱ ኀላፊዎች የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ከመታወቂያው ጋር የሕገ መንግሥቱ ቅጂ ይሰጠው፤ በሥልጠናው ጊዜም ከአንቀጽ 50 እስከ 52፥ ከ94 እስከ 100፥ እንዲሁም ከ82 እስከ 84 ያሉት በሚገባ ይነበቡለት። ለአጣሪ ጉባኤውና ለፌዴሬሽን ምክር ቤቱም፥ ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ ማንም ሊረዳው በሚችል አማርኛ ጽፈው ለየመሥሪያ ቤቱና ለየትምህርት ቤቱ ቢያደርሱልን፥ እኛ መምህራን ለልጆቹ የምናስተምርበት ሕያው መጽሐፍ እናገኛለን። ዛሬ በክፍል ውስጥ የተቀመጡት ልጆች ነገ በየጽሕፈት ቤቱ የሚቀመጡት እነሱው ናቸውና፥ ስለ ሕገ መንግሥት የሚያውቁት አንድ አንቀጽና አንድ ጠብ ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከደብረ ብርሃን